ለአንድ ቧንቧ ሠራተኛና ለአንድ ኤሌክትሪሺያን ምስጋና፤ ነባር ቤት ገዝታችሁ ለምትረከቡም ጥቆማ

ይህ የምስጋና ጽሁፍ ነው፤ ለአንድ አንጋፋ ቧንቧ ሠራተኛና አብሯቸው ለሚሠራ ወጣት ኤሌክትሪሺያን። ገርጂ አካባቢ የተሸጠ ነባር ቪላ፣ ገዢው ቁልፍ ሳይረከብ አንድ ቀን ተኩል ፈትሸው ያገኙትን በሁለት ገጽ ጽፈው ሰጥተዋል። ቤቱ 175 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ከኋላው ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምናየው ዓይነት ነው። "ጎበዞች ናቸው፣ ደውሉላቸው" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥቆማ ግን ለማንም አይጠቅምም። ምን እንደነኩና ምን እንዳልነኩ ሲነገር ነው ሙያቸው የሚለካው።

ያልነኩትን እናስቀድም። መታጠቢያ ቤት ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃ እያሞቀ ሳለ ከሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን አይቶ "ቦይለሩ አልቋል፣ አዲስ ይገዛ" የሚል ሠራተኛ ሞልቷል። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ጠብታውን ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና ማሞቂያው እንዲጠፋ አደረጉ። ውሃው መሞቁን ሲያቆም ጠብታውም ቆመ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሰፋው የሚወጣበት ቀዳዳ ያ ቫልቭ ነው፤ እያሞቀ መንጠባጠቡ ሥራውን መሥራቱ ነው። ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞም ከቀጠለ ያኔ ወይ ቫልቩ ቆሽሿል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ሰርቪሱ ውስጥ ባለው ሁለተኛ ቦይለር ላይ የገጠማቸው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ጠብታው ያስጠላው ሰው የቫልቩን አፍ በፕላስቲክ ቡሽ ደፍኖታል። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ተበላሽቶ ማጥፋቱን ቢረሳ፣ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ታንከሩን ሊያፈነዳው ይችላል። ቡሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት፣ ከጠብታው ሥር ቀጭን ጎማ ወደ ፍሳሹ አወረዱ፤ አለቀ። ለዚህ ሥራ የተገዛ ዕቃ ከአንድ ሜትር ጎማ አይበልጥም።

የተጠሩበት ሰዓትም ትክክል ነበር። ብዙ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ከፈረመና ቀሪውን ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ነው ሠራተኛ የሚጠራው። ያኔ የተገኘው ጉድለት ሁሉ የገዢው ወጪ ነው፤ ሻጩም ስልክ ማንሳት ያቆማል። ፍተሻ ቀብድ ተከፍሎ ዋናው ክፍያ ሳይፈጸም፣ መብራትና ውሃው ገና ሳይቋረጥ፣ ሻጩ ወይም ወኪሉ ቆሞ እያየ ቢሆን ይመረጣል። የተገኘው ነገር በእጅም ቢሆን ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ይላል (ቁጥር 1723 እና 2877)፤ በቃል "እኔ አስተካክላለሁ" የተባለ ቦይለር ውሉ ውስጥ ካልገባ ነገ የሚያስታውሰው የለም።

አሁን ወደ መብራቱ። ብዙ ኤሌክትሪሺያን ቤት ሲፈትሽ ሶኬት ላይ ቴስተር ይሰካል፣ መብራት ሲበራ ያያል፣ "ይሠራል" ይላል። ይሄ ልጅ መጀመሪያ ቦርዱን ከፍቶ ከእያንዳንዱ ብሬከር የሚወጣውን ሽቦ ውፍረት አየ። ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) በ10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 በ16፣ ለቦይለር ባለ 4 በ20 ወይም በ25፣ ለምጣድና ለምድጃ ባለ 6 በ32፤ በኛ ቤቶች የሚበቃው ልክ ይህ ነው። የወጥ ቤቱ ብሬከር 32 አምፔር ሆኖ ከሥሩ የወጣው ሽቦ ባለ 2.5 ነበር። ታሪኩን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም፦ ምጣድና ማንቆርቆሪያ አንድ ላይ ሲሰኩ ባለ 16ቱ ብሬከር እየወደቀ አስቸገረ፣ አንድ ሰው መጥቶ ትልቅ ብሬከር ተከለ፣ መውደቁ ቆመ፣ ሁሉም ደስ አለው። ግን ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ባለ 2.5 ሽቦ ከ20 አምፔር ብዙም ሳያልፍ መሞቅ ይጀምራል፤ ባለ 32 ብሬከር ደግሞ 40 አምፔር ቢያልፍበትም ለረጅም ደቂቃ ዝም ሊል ይችላል። በዚያ መሃል የሚቀልጠው የሽቦው ላስቲክ ነው። ቤት ስትረከቡ አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ቢሰጣችሁ ይህንን እዩ፤ የቦርዱን ክዳን ሳይከፍት "ደህና ነው" የሚላችሁን ሠራተኛ ሸኙት።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ይህን ጽሁፍ ያስጻፈው። ምጣዱን፣ ሁለቱን ቦይለሮች፣ የውሃ ፓምፑንና ማቀዝቀዣውን በአንድ ጊዜ አስነሳ። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ቤቱ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሸክም የለም። መልቲሜትሩን መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ፣ ቀጥሎ የምጣዱ ሶኬት ጋ አስገባ። ቆጣሪው ጋ 215 ቮልት፣ ሶኬቱ ጋ 198። 17 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። 20 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ በዚህ ሸክም የሚበላው ከ4 እና ከ5 ቮልት ብዙ አያልፍም፤ የቀረው 12 ቮልት ገደማ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ሆኖ እየቀረ ነው ማለት ነው። ምጣዱ በሚስበው 14 አምፔር ገደማ ሲባዛ ከ150 ዋት ይበልጣል። ከልስኑ ሥር 150 ዋት የሚያሞቅ ነገር አስቡት።

ፈልጎ አገኘው፤ ከወጥ ቤቱ በር በላይ ያለው ጃንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበት ሳጥን) ውስጥ ነው። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በጣት ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሏል፣ ፕላስተሩ እንደ ካራሜል ቀልጦ ጠቁሯል፣ ሽቦው ሲነካ ዱቄት ያራግፋል። እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ቆርጦ በጥብቅ ማያያዣ አሠረው፣ መልሶ ለካ፦ 210። ለምጣዱ ራሱን የቻለ ባለ 6 መስመር ከቦርዱ በአዲስ እንዲወጣ ጽፎ፣ እስከዚያው ባለ 32ቱን ብሬከር አውልቆ ባለ 16 መለሰ። ገዢው "እንግዲህ መጋገር የለም ማለት ነው?" ሲለው፣ "አለ፤ ማንቆርቆሪያውን ነቅለው" አለው።

የኧርዙ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ ነገር እንደተለመደው ነው። ሶኬቶቹ ሁሉ ሦስት እግር አላቸው፣ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦም እየመጣ ቦርዱ ድረስ ይደርሳል፤ ከቦርዱ ወደ መሬት የሚወርደው ግን ተቆርጦ ከብሬከሮቹ ኋላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስለዚህ የቦይለሩ ማሞቂያ ብረት ቢቀደድ ፌዙ፣ ማለትም ኃይል ያለበት መስመር፣ በውሃው አድርጎ ሻወር ላይ ያለውን ሰው ያገኘዋል። አዲስ የኧርዝ ዘንግ ሲተከል ሁልጊዜ እርጥበት የሚያገኝ ቦታ ይመረጥ፤ በበጋ ደርቆ የሚሰነጠቅ ጥግ ላይ የተተከለ ዘንግ የይስሙላ ነው። ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይግባ፤ ሰው ፌዝ ሲነካ የሚያጠፋው እሱ ነው፣ ተራው ብሬከር ለዚያ አልተሠራም። መከላከያው ላይ "ቴስት" የሚል ቁልፍ አለ። ቤት ስትረከቡ ተጫኑት፤ ካልወደቀ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ውሃው የቧንቧ ሠራተኛው ግዛት ነው፤ እሳቸውም አስቀድመው የጠየቁት "በሰፈሩ ፈረቃ ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?" ብለው ነው። ውሃ በሌለበት ቀን የተፈተሸ ቤት የተፈተሸው ግማሹ ነው፤ ከሮቶ የሚወርድ ውሃና ከመንገድ በግፊት የሚመጣ ውሃ አንድ አይደሉም። ሮቶው ከሻወሩ አናት ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው፤ የመንገዱ መስመር ሲመጣ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሮቶ ውሃ ደረቅ የነበረ መጋጠሚያ በመንገዱ ውሃ ያለቅሳል።

አፈታተሻቸው እንዲህ ነው። ሮቶው እስኪሞላና ኳሱ እስኪዘጋ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ይዘጋል፣ የሽንት ቤቱ ሲፎን ጭምር። ከዚያ የውሃ ቆጣሪው መስታወት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ያያሉ። ከዞረች መስመሩ ያፈሳል። ቀጥሎ ወደ ቤት የሚገባውን መስመር ሳራቺኔስካ (መዝጊያ ቫልቭ) ይዘጋሉ፤ አሁንም ከዞረች ፍሳሹ ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች ነው፣ ከቆመች ቤት ውስጥ ነው። ቁፋሮ ሳይነካ ጉዳዩ በሁለት ይከፈላል። እዚህ ቤት ቆመች፤ ሲፎኖቹ ተጠረጠሩ። ከጠዋቱ ቡና የተረፈ ጥቁር ውሃ በሁለቱም ሲፎኖች ታንከር ጨምረው ማንም እንዳይለቅ አዘዙ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የዋናው ሽንት ቤት ሳህን ቡናማ ሆነ። የሲፎኑ ጎማ ደርቆ ነው፤ ጎማው ብቻ ተቀየረ እንጂ ሙሉ ሲፎኑ አልተቀየረም።

ፓምፑ ሌላ ወሬ ነበረው። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ በየሦስት ደቂቃው ለጥቂት ሴኮንድ እየተነሳ ይጠፋል። ሻጩ ይህን "አውቶማቲክ ስለሆነ ነው" ብሎ አስረድቷል። አውቶማቲክስ አውቶማቲክ ነው፤ ማንም ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት ግን የሚነሳበት ምክንያት የለውም። ወይ አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ የቼክ ቫልቩ (ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ምላስ ቆሽሾ ግፊቱን ወደ ታችኛው ታንከር ይመልሰዋል። ለመለየት ከፓምፑ በኋላ ያለውን ቫልቭ ዘጉት፤ ፓምፑ አሁንም ተነሳ። ስለዚህ ጥፋተኛው ቼክ ቫልቩ ነው። ተፈቶ ሲታይ ምላሱ ላይ የጠጠር ቅንጣት ተጣብቋል፤ ታጥቦ ተመለሰ። በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚነሳ ፓምፕ ሞተሩ ቶሎ ያልቃል፣ የመብራት ካርዱም ቶሎ ያልቃል።

መሬት ውስጥ የተቀበረ የሲሚንቶ ታንከር ካለ ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተሰምሮ፣ መግቢያውም መውጫውም ተዘግቶ 24 ሰዓት ይቆይ። ፍተሻው አንድ ቀን ተኩል የፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። ሮቶውን የተሸከመውን ብረት ደግሞ ወጥታችሁ ግጥሙን እዩ፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፣ እግሩ ሥር ያለ ዝገት ቀለም ሲቀባ ይሸፈናል እንጂ አይጠነክርም።

የሴፕቲክ ታንኩ ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር አስተምረዋል። ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ከሆነ ገዢ ደስ ይለዋል። መጠራጠር ያለበት ግን ያኔ ነው። በደህና ጊዜ የፈሳሹ ልክ ከመውጫ ቱቦው አፍ ጋር እኩል ነው፤ የሚገባውን ያህል ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይወጣል። ልኩ ቱቦውን ውጦ ከፍ ካለ ማስረጊያው ጠጥቶ ጠግቧል። ከቱቦው በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ወይ ታንኩ ያፈሳል፣ ወይ ሰሞኑን ቦቴ መጥቶ መጥጦታል፤ ለሽያጭ ሲባል የተመጠጠ ጉድጓድ ስለ ማስረጊያው ምንም አይናገርም። ጎረቤት ይጠየቅ፤ የቦቴ ሽታ ከሰፈር አይደበቅም። ከዚያ ሁለቱም ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ይለቀቅ፣ ሻወሩ ላይ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በአንዴ ይደፋ፣ አንድ ሰው ማንሆሉ ላይ ቆሞ ይይ። ውሃው እየተንፏቀቀ ከመጣ ወይም ሻወሩ ወለል ላይ ከተመለሰ መስመሩ ተዳፋት የለውም ወይም ተዘግቷል። ሽታ ብቻ ካለ፣ ሳይጠቀሙበት የቆየ የወለል ማስወገጃ ውስጥ ያለው፣ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሊትር ውሃ ጨምሩበትና እስከ ነገ ጠብቁ። በሁለት ሊትር ውሃ ለሚድን ሽታ ወለል ያስፈረሱ ሰዎች አሉ።

ጣሪያና ግድግዳ የሁለቱም ሙያ አይደለም፤ እነሱም "ግንበኛ ጥሩ" ብለዋል፣ ይህም ያስመሰግናቸዋል። ቢሆንም ኮርኒሱ ውስጥ ሽቦ ለማየት የወጣው ኤሌክትሪሺያን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ባትሪውን አጥፍቶ ቆርቆሮውን አየ። በጨለማው ውስጥ ኮከብ የመሰለ የብርሃን ነጥብ በታየበት ሁሉ ምስማሩ ላልቷል ወይም ጎማው አልቋል። 11 ነጥብ ቆጠረ። በበጋ ቤት የሚገዛ ሰው ዝናብ መጠበቅ አያስፈልገውም። ነጥብ ካልታየ ደግሞ በጎማ ውሃ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጡ በየቦታው 15 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ የቱ ጋ እንደገባ አይለይም። አንድ ክፍል ኮርኒስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሌላው አሮጌ ከሆነ ያንን ክፍል ከሁሉ አስቀድሙ።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ቦሌና መካኒሳን በመሳሰሉ ጥቁር አፈር በሚገኝባቸው ሰፈሮች አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነና ልስኑ ላይ የተረጨ ስንጥቅ የልስን ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱን ይመለከታል። ላዩ ላይ ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ዛሬም እየሄደ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፦ አሸንዳው የሚያፈሰው ውሃ ግድግዳው ሥር ተጠራቅሞ ይሰርጋል። ከቤቱ ዙሪያ ያለው የሲሚንቶ መራመጃ ወደ ውጭ ካዘነበለና የአሸንዳው ውሃ በቱቦ ከራቀ ግማሹ ችግር ይበርዳል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አንልም፤ የጠበቃ ሥራ ነው። የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ግን ሠራተኛም ያያል፤ እነሱም አይተዋል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ሻጩ ፊት ትንሽ ብር ይሞላ፤ ቆጣሪው ካልተቀበለ ወይም በሌላ ሰው ስም ከመጣ ጣጣው ከፊርማ በፊት ይታወቃል። ሰርቪሱ ካርታው ላይ ከሌለም ሻጩ ይጠየቅ።

ሁለቱ ሰዎች ለፍተሻው የሚያስከፍሉት ለብቻ ነው፣ ለጥገናው ለብቻ፤ ጥገናውን ሌላ ሰው ቢሠራው አይቀየሙም፤ የጻፉትን ወረቀት ለማንም ማሳየት ይቻላል። ይህ አሠራር በኛ ከተማ ብርቅ ነው፣ ምክንያቱም ፍተሻ በነፃ የሚያደርግ ሠራተኛ ትርፉን የሚያገኘው ከሚያገኘው ብልሽት ነው። ስልካቸውን እዚህ እንዳናወጣ ለምነውናል፤ ሥራ ሲበዛ ሥራ ይበላሻል ባይ ናቸው። በውስጥ መስመር ለጠየቀ እንሰጣለን። ስትደውሉላቸው የሰፈራችሁን የውሃ ፈረቃ ቀን፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ቦይለር እንዳለና ወደ ኮርኒሱ መውጫ መኖር አለመኖሩን ንገሯቸው፤ ለሻጩም ምጣዱን ቀድሞ ጭኖ እንዳይወስደው ንገሩት።

ጋሼ፣ ስለ ቡናው ውሃ እናመሰግናለን። አንተም ወንድማችን፣ ባለ 6ቱን መስመር ልትዘረጋ ቅዳሜ ስትመጣ ያ የጠቆረ ኒውትራል መስኮቱ ላይ ተቀምጦልሃል፤ ለሌላ ደንበኛ ማሳያ እፈልገዋለሁ ስላልክ አልጣልነውም።